ልዑል ሠላሳ ዘጠኝ

ፒያ የተወለደችው ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራው የቻይና ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ፔይዩን ነበር። አዋላጇ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሲያቅታት «ፒያ ብንላትስ ምን ይላታል?» አለች፤ መንደሩም እንደዚያው ጠራት። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የመንደራችንን የሊንደርዶንክን አነጋገር ከልጅ ልጆቼ ይልቅ እሷ አጥብቃ ትናገራለች። ስትሳደብማ ሟቹ አባቴ ከመቃብር የተነሣ ነው የሚመስለኝ።

በእኛ አገር አንድ መንደር ቤተ ክርስቲያን፣ መጠጥ ቤትና የቻይና ምግብ ቤት ካለው ምንም አልጎደለውም። የእነ ፒያ ምግብ ቤት «ሎተስ» ይባላል። እዚያ ሰው ምግብ የሚያዝዘው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። «አሥራ ሰባት ለሁለት ሰው፣ አንድ ሃያ ስድስት» ይላል፤ ከዚያ ቢራውን ይዞ ይጠብቃል። የትምህርት ቤት ልጆችም ፒያን ባገኙ ቁጥር «ቁጥርሽ ስንት ነው?» እያሉ ይስቁባት ነበር። አታለቅስም። «ሠላሳ ዘጠኝ! ከነሚጥሚጣው! አፍህን ነው የምለበልብህ!» ትላቸዋለች።

ሠላሳ ዘጠኝ የእኔ ምግብ ነበር። የተጠበሰ ሩዝ፣ ከጎኑ በእንጨት የተሰካ ዶሮ፣ ከላዩ የኦቾሎኒ ስጎ። ባሌ በሕይወት ሳለ እሱ ያዝዝልኝ ነበር። ካረፈ በኋላ ቁጥሩን በቃሌ ይዤ ቀጠልኩ፤ ማንበብ አልችልም ነበርና። ይህንን ልጆቼም አያውቁም። አንድ ዓመት የፒያ አባት የምግብ ዝርዝሩን አዲስ አሳትሞ ቁጥሮቹን አቀያየራቸው። እኔ እንደ ልማዴ «ሠላሳ ዘጠኝ» አልኩ፤ የቀረበልኝ ብዙ እግር ያለው የባሕር ፍጥረት ሆነ። ሰው እንዳይታዘበኝ ዝም ብዬ አኘክሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ትንሿ ፒያ ታየኛለች። በሌላ ቀን ስመለስ ጠጋ አለችና፣ «እማማ ሪክ፣ ያንቺው አሁን ሃምሳ ሁለት ሆኗል። አንቺ ግን ሠላሳ ዘጠኝ በይኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ለአባቷም ለእናቷም አልተነፈሰችም። ስልሳ ዓመት አልፎኝ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ፊደል ቆጥሬ፣ ለልጆቼ በገዛ አፌ እስክነግራቸው ድረስ ያቺ ልጅ ነገሩን እንደ ማሰሮ ከድና ያዘችልኝ። ምሥጢር ስትይዝ እንዴት እንደምትይዝ ከአሁኑ ይታወቅ፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ጠባይዋ ነው።

ፒያ ምግብ ቤቱን አልወረሰችም። ከመንደራችን ወጣ ብሎ ካለው ትልቁ ፋብሪካ ገባች። እዚያ የሚሠራው ማሽን አውቶብስ ያህላል፤ ሥራው ግን በስልክና በመኪና ውስጥ የምትቀመጠውን ጥፍር የማታህል ቺፕ በብርሃን ማተም ነው። አቧራ ስለማይወድ ሠራተኞቹ ከራስ እስከ እግር ነጭ ይለብሳሉ። «እዚያ ውስጥ ከሰው የሚታየው ዓይን ብቻ ነው» ትላለች ፒያ፣ «እኔን ደግሞ የሚያሳብቅብኝ እሱው ነው!» ብላ ራሷ ትስቃለች።

ሳቁ እየቀነሰ የመጣው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው። ሄግ የተቀመጡት የአገራችን ሹማምንት ማሽኑ ለቻይና አይሸጥም አሉ። ቻይና በበኩሏ ማሽኑ የሚፈልገውን ብርቅ ማዕድን ያዘች። አሜሪካ ከወዲያ ትቆጣለች፤ ብራስልስ ከወዲህ ትሰበሰባለች። በመጠጥ ቤቱ ቢራ የሚጠጣው ሁሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። የማሽኑ ምሥጢር እየተሰረቀ ነው ተብሎ ፋብሪካውም አዲስ የጥበቃ ኃላፊ ከአገራችን ሰሜን አስመጣ፤ አቶ ሂልከማ የሚባል፣ ረጅም፣ ጨዋ፣ ሁሉን ሰው «እርስዎ» የሚል ሰው። ቻይና ዘመድ ያለው ሠራተኛ ሁሉ እየተጠራ ይጠየቅ ጀመር። ፒያ ዌንዙ ከተማ አጎት አላት። ጠየቋት፣ መለሰች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እንግዲህ ካርኒቫሉ የገባው እዚህ ላይ ነው።

ካርኒቫል ከሁዳዴ ጾም በፊት ያሉት የእብደት ቀናት ናቸው። በእነዚያ ቀናት መንደራችን ሊንደርዶንክ መባሏ ይቀርና «የእንቁራሪቶች አገር» ትባላለች። ከንቲባው የመንደሯን ቁልፍ ለካርኒቫሉ ልዑል ያስረክባል፤ የሚገዛን እሱ ነው። ልዑሉን የሚመርጠው የአሥራ አንዱ ሸንጎ ነው፤ አሥራ አንድ በእኛ ዘንድ የሞኝ ቁጥር ነው። የተመረጠው ሰው ማን እንደሆነ እስከ መክፈቻው ምሽት ድረስ ከሸንጎውና ካባውን ከሚሰፋው ሰው በቀር ማንም አያውቅም። ሚስት አታውቅም፣ እናት አታውቅም። አንድ ጊዜ የአንዱ ልዑል ሚስት ባሏ ሌላ ሴት የያዘ መስሏት ልብሱን ሁሉ በመስኮት ወርውራለታለች። ሰውየው ልብሱን ከመንገድ ለቀመ እንጂ አፉን አልከፈተም። እስከ ዛሬ በአክብሮት ይነሣል።

ካባውን የምሰፋው እኔ ነኝ። መስከረም ላይ የሸንጎው አለቃ ሃሪ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ፒያን በጓሮ በር አስገባት።

«ፒያ፣ ቁጭ በይ» አለ። «ዘንድሮ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ምን?»

«ልዑል።»

ፒያ እኔን አየችኝ፣ ሃሪን አየችው። «እየቀለድክ ነው?»

«ስለ ካርኒቫል እኔ ቀልጄ አላውቅም።»

«ልዕልት ትሉኛላችሁ ታዲያ?»

«ቆቡን የደፋ ልዑል ነው። ወንድ ሴት የለውም።»

ፒያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያን ሁሉ ዘመን ሲሰድቧት አላለቀሰችም፤ ያን ቀን ነው ሳለቅስ አትዩኝ ያለችው።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ጨርሳ ስትወጣ ሃሪ መስኮት በሌለው የቧንቧ መኪናው ይወስዳት ነበር። ሰው እንዳያያት ከኋላ፣ ከቱቦው መሀል ሸራ ለብሳ ትተኛለች። ስልኳን ታጠፋለች። አንድ ቀን እኔ ጋ ለልክ ትመጣለች፣ ሌላ ቀን የሸንጎው ዳስ ሄዳ ንግግር ትለማመዳለች። አባቷ «ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የምትጠፊው?» ሲላት «ሥራ በዝቶ» ትለዋለች። ምስኪን፣ ሰው የያዘች መስሎት የሠርግ ድግስ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

ኅዳር ላይ ለልክ መጥታ፣ ወንበር ላይ አቁሜያት የካባውን ጠርዝ በመርፌ እየያዝኩ ነው። ሃሪ ጥግ ላይ ቢራውን ይጠጣል።

«ዛሬ ሂልከማ ጠራኝ» አለች።

«ምን ሊል?»

«የሥራ ባልደረባዬ አይቶኛል። ‹ሐሙስ ማታ ስልክዎን አጥፍተው፣ መስኮት በሌለው መኪና ከኋላ ተኝተው የት ነው የሚሄዱት?› አለኝ።»

መርፌው ከእጄ ወደቀ። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«መናገር አልችልም አልኩት።»

«ኧረ የኔ ልጅ!»

«‹ከማን ጋር ነው የሚገናኙት?› አለኝ። ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር፣ ስማቸውን ግን አልጠራም አልኩት። ‹ለምን?› ሲለኝ ቃል ገብቻለሁ አልኩት።»

ሃሪ ቢራው ትን አለው። «አንቺ ልጅ! በገዛ አፍሽ እኮ ነው ሰላይ ነኝ ብለሽ የመጣሽው!»

«ታዲያ ምን ልበለው? ልዋሽ?»

«የዚህ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ፣ አሥራ አንድ ስትዪው ገና ስቆ ያሰናብትሽ ነበር።»

«ሰሜን ነው ያደገው። እነሱ ካርኒቫል ሲባል ጉንፋን ነው የሚመስላቸው።»

ሦስታችንም ሳቅን። ግን የሚያስቅ አልነበረም። በማግሥቱ የመግቢያ ካርዷ ተዘጋ። ወደ ማሽኑ አዳራሽ መግባት ቀረና ከበሩ አጠገብ ባለች የጎን ክፍል ተቀመጪ ተባለች። እዚያ ሩይ የሚባል ከቼንግዱ የመጣ መሐንዲስ ከእሷ በፊት ተቀምጦ አገኘችው። የሩይ ጥፋት በየቀኑ ለእናቱ መደወሉ ነበር። ከእናትህ ጋር ምን ታወራለህ ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ ምን ያህል እንደሚያሳፍር እሱ ሲናገር አልሰማሁም፤ ፒያ ናት የነገረችኝ። ስልኩን አሁን መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሹክሹክታ ነው አሉ የሚደውለው።

ካርኒቫሉ ሲቃረብ ሂልከማ ቁርጡን ነገራት። እስከ ሐሙስ ማታ መልስ ካልሰጠች ውሏ ይቋረጣል።

«እስከ ዓርብ ይታገሡኝ» ብላው ነበር።

«ዓርብ ምን አለ?»

«እሱንም መናገር አልችልም።»

መክፈቻው ዓርብ ማታ ነበር። አንድ ቀን! ሃሪ ይህን ሲሰማ እየሮጠ እኔ ጋ መጣ፤ ፒያ ለመጨረሻ ጊዜ ቆቡን እየለካች ነበር። የልዑሉ ቆብ ረጃጅም የቆቅ ላባ ይሰካበታል፤ አንገት ከደፉ ላባው ይወድቃል።

«በቃ ንገሪው» አለ ሃሪ። «እኔ የሸንጎው አለቃ ነኝ፣ ፈታሁሽ። ከፈለግሽ ሌላ ልዑል በአንድ ቀን እንፈልጋለን። እንጀራሽ ነው!»

«ሃሪ ልክ ነው» አልኩ እኔም። «ሥራ ሌላ፣ ጨዋታ ሌላ።»

ወደ መስታወቱ እያየች መለሰችልን። ቀና ብላ ነው፤ ላባው ነበራ።

«ያ ልብሱን ከመንገድ የለቀመው ልዑል፣ ንገራት ያለው ነበረ?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ለእኔ ሲሆን ለምን ይላላል? የመንደሩ ልዑል ሁሉ አፉን ይዞ ኖሮ ‹ቻይናዋ ግን ተናገረች› ልትባል ነው? ሂልከማ የሚጠይቀኝ እኮ ይህንኑ ነው። አደራ መያዝ ትችያለሽ ወይ ነው የሚለው። ይኸው እየያዝኩ አይደለም? ሥራዬን ይውሰድ። ይቺን አይወስዳትም።»

ሃሪ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። ከዚያ በኋላ ንገሪ ያላት የለም።

ሐሙስ ሄዳ ለሂልከማ «የምለው የለኝም» አለችው። እሱም በጨዋ ደንብ፣ ውሏ በወሩ መጨረሻ እንደሚቋረጥ ነገራት። አባቷ ያን ማታ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲለምናት በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ፣ አንገት ደፋ ማድረግ ማንን ገደለ? እኔ እዚህ አገር እስከ ዛሬ የኖርኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። የጠየቁሽን ንገሪያቸው!»

«አልችልም፣ አባዬ።»

«ሰው ነው? ባለትዳር ነው?»

«አባዬ!»

ዓርብ ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የፒያ አባት እንደ ወትሮው ከምግብ ቤቱ ያመጣውን የተጠበሰ ጥቅልል በትሪ ደርድሮ ከጎን ቆሟል፤ ፊቱ ጠቁሯል። በመድረኩ ላይ ከወረቀት የተሠራ፣ ቤት የሚያህል አረንጓዴ እንቁራሪት አለ። ነጋሪቱ ተመታ፣ የእንቁራሪቱ አፍ ተከፈተ፣ ፒያ በካባና በላባ ወጣች።

ሰዎቹ ማን እንደሆነች ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። ከኋላ አንድ የሰከረ ድምፅ፣ ቮውት የሚባለው የልጅነት ተማሪ ቤት ጓደኛዋ፣ «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብሎ ጮኸ።

ማንም አልሳቀም። አንዳንዱ እንዲያውም አንገቱን ደፋ። እኔ ካባውን ስሰፋ ከውስጥ በደረቱ በኩል በወርቅ ክር ምን እንዳስጠለፈችኝ ስለማውቅ ፈገግ አልኩ። ፒያ ካባውን ገልጣ አሳየቻቸው።

«ሠላሳ ዘጠኝ!» አለች። «ልዑል ሠላሳ ዘጠኝ ቀዳማዊ! ከነሚጥሚጣው! አንተ ቮውት፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስትጠይቀኝ ኖረሃል፤ ዛሬ ተንበርክከህ ስማ!»

አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ቮውትን ጎትተው አንበረከኩት፤ እሱም ከሁሉ በላይ እየጮኸ «ሠላሳ ዘጠኝ!» ይል ነበር። ከንቲባው ቁልፉን ሲሰጣት አባቷ ትሪውን መሬት አስቀምጦ፣ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወደ መድረኩ መጣ።

«ሐሙስ ሐሙስ ይሄ ነበር?»

«ይሄ ነበር፣ አባዬ።»

«ለዚህ ብለሽ ነው ሥራሽን...» ሊቆጣ ጀምሮ ነበር። እሷ ልታቅፈው ጎንበስ ስትል ላባው ተንጋደደ። አባቷ አገጯን በጣቱ ይዞ ቀና አደረጋት። «ቀና በይ» አላት። «ይወድቅብሻል።»

በእኛ ልማድ የካርኒቫሉ ሰኞ ልዑሉ ከነሸንጎው በየመሥሪያ ቤቱ ይዞራል። ፋብሪካውም በየዓመቱ በሩን ከፍቶ፣ ልዑሉን በመመገቢያ አዳራሹ ተቀብሎ፣ ቋሊማ የተጋገረበት ዳቦና ቢራ ያቀርባል። ዘንድሮ ሰዉ ሁሉ ምን ይሆን እያለ ከኋላ ተከተለን። ዝናብ ይዘንባል። እኔ ጃንጥላ ይዤ፣ የነሐስ ባንዱ እየነፋ፣ በሩ ደረስን። ዘበኛው ኔሊስ የመንደራችን ልጅ ነው፤ አፍንጫውን ቀይ ቀብቶ ቆሟል። ቀይ አፍንጫ ያለው ሰው እንዲህ አዝኖ አይቼ አላውቅም።

«ክቡር ልዑል» አለ፣ «ካርድ... ሁሉም ሰው ካርድ...»

ፒያ ካርዷን አወጣችና አስነካችው። ቀይ በራ። ባንዱ መንፋቱን አቆመ።

«እንግዲህ ልዑሉ ካልገባ ሸንጎውም አይገባም» አለ ሃሪ። አሥራ አንዱም በዝናቡ ውስጥ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

ወዲያው ሂልከማ ከውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ ወጣ። የዓርቡን ነገር ሰምቷል፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ወይዘሪት ጂ» አላት በቤተሰቧ ስም፣ «ባውቅ ኖሮ... ለምን አልነገሩኝም?»

«ምሥጢር ነበራ።»

«ለካርኒቫል?»

«አሁን ሥራዎን ያጡ ነበር እኮ ሊሉኝ ነው። አውቃለሁ።»

ሰውየው ትንሽ ፈገግ አለ። «ካርድዎ አሁን ይከፈታል። ነገሩ ተዘግቷል፤ ውልዎም ይቀጥላል። ይግቡ፤ ዳቦው ይቀዘቅዛል።» ለኔሊስ ምልክት ሰጠው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ተመስገን ብዬ አንድ እግሬን አንሥቻለሁ። ፒያ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከበሩ ጎን ያለችውን የክፍሏን መስኮት ታያለች። ሩይ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በመስታወቱ በኩል እኛን ያየናል።

«የሩይስ?» አለች።

«የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ልነግርዎ አልችልም።»

«ለካ እርስዎም ይችሉበታል!» አለች፤ ከኋላ ሳቅ ሆነ። እሷ ግን አልሳቀችም። «አቶ ሂልከማ፣ ሐሙስ ዕለት ሰላይ ነበርኩ። ዛሬ ላባ ስሰካ የመንደሩ ልጅ ሆንኩ። በላባ ከሆነ እኔ አልገባም። ሩይ ላባ የለውም።»

ሂልከማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስርቆቱ እውነት ነው፣ ወይዘሪት ጂ። እኔ ፈጥሬው አይደለም። ዓይኔን ጨፍኜ ልተኛ?»

«አይተኙ። ሌባውን ይያዙ። እናቱን የሚያናግር ሰው ግን ሌባ አይደለም። ስለ አጎቴ ሲጠይቁኝ አልመለስኩም? እሱንም ይጠይቁት፣ ይመልሳል። ጥያቄ ሳይኖርዎ ዝም ብለው አያስቀምጡት።»

ከዚያ ያንን ትልቅ የእንጨት ቁልፍ አንሥታ የብረት በሩን ደበደበችው። «ስሙ! በእንቁራሪቶች አገር ላይ እስከ ነገ የምገዛው እኔ ነኝ። ከዚህ በር ውጭ ያለው መንገድ ሁሉ የእኔ ነው። ግብዣው እዚህ ነው! ዳቦውን አውጡት! ሩይ! አንተ ሩይ! ና ውጣ፣ መውጣት አልተከለከለም!»

ሩይ ካፖርት ሳይለብስ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ። ሃሪ የራሱን ቆብ አናቱ ላይ ደፋበት። ከመመገቢያ አዳራሹ መጀመሪያ ሁለት ሠራተኞች ትሪ ይዘው ወጡ፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ባንዱ ነፋ። በዝናብ የራሰ ዳቦ በላን። ሂልከማ ጃንጥላውን ይዞ ከበሩ ወዲያ ማዶ ቆመ፤ አልገባም፣ አልወጣም። ወደ መጨረሻው ኔሊስ አንድ ዳቦ አቀበለው፤ በእጁ ይዞት ቆየ።

ካርኒቫሉ አልፎ፣ በጾሙ መግቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚቀባው አመድ ግንባራችን ላይ ከተቀባ በኋላ፣ ፒያ ሥራ ገባች። መብራቱ አረንጓዴ በራላት። ወደ ማሽኑ አዳራሽ ግን አልሄደችም፤ ወደዚያች የጎን ክፍል ገብታ ከሩይ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አለቃዋ ጠራት፣ አልሄደችም። ደመወዟን እንደሚይዙ ነገሯት፣ «ያዙ» አለች። የማሽኑ ጓደኞቿ በምሳ ሰዓት እየመጡ በዚያች ጠባብ ክፍል ይበሉ ጀመር፤ መቀመጫ ስለሌለ ቆመው። ጾሙ በሙሉ እንዲህ አለቀ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማታ ፒያ በጓሮ በር ገባች፤ በእጇ ትኩስ ሠላሳ ዘጠኝ ይዛለች።

«ካርዱ ተከፈተለት?» አልኳት፤ ፊቷን አይቼ።

«ተከፈተለት። ሂልከማ ራሱ መጥቶ ነገረው።»

«ሩይ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ከሥራ ስንወጣ እበሩ ፊት ለፊት፣ ከሂልከማ መስኮት ሥር ቆመ። ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ።» ዶሮውን ከእንጨቱ እየነቀለች ሳቀች። «እማማ ሪክ፣ ድምፁ እንዲህ ወፍራም መሆኑን እኔም ገና ዛሬ ነው የሰማሁት።»